ሰላም ዛፍ መውጣቷን የነገረን ጆሮዋ ነው?

ጥያቄው ከአንድ የጅማ ባዮሎጂ መምህር የመጣ ነው፦ «ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ሳስተምር አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣና ‹ሰላም ዛፍ ትወጣ እንደነበር የታወቀው ከጆሮዋ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ጆሮ ሥጋ አይደለም ወይ? ከ3 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ምኑ ይገኛል?› አለኝ። የምለው ጠፋኝ። እኔ በሁለት እግር መሄድን የማስተምረው ከዳሌና ከጉልበት ነው። ጆሮን እዚህ ውስጥ ምን አገባው? የሚታመንስ ነው ወይ?»

መምህር፣ ተማሪዎን አመስግኑልኝ። ሰላም የምንላት ከአፋር የተገኘች የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን ቅሪተ አካል ናት። እኔ እዚሁ ጅማ አናቶሚ አስተምራለሁ፤ ውሎዬ ከዛሬ ሰው አጥንት ጋር እንጂ ከቁፋሮ ጋር አይደለም። ስለዚህ ጆሮውን በእጄ ከማውቀው፣ ቅሪተ አካሉን ደግሞ ከታተመው ነው የምነግርዎ። ፍሬ ነገሩን ላስቀድም፦ ጆሮው ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም ከዳሌ ይልቅ ሳይጎዳ ይገኛል። ነገር ግን የሚመሰክረው ጭንቅላት እንዴት ይንቀሳቀስ እንደነበር ነው። ስለ እግር ያየው ነገር የለም። ከጭንቅላት ተነስቶ ስለ እግር መናገር የሰው ግምት ነው፤ ክርክሩም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ተማሪው «ሥጋ» ያለው ጉትቻ የሚንጠለጠልበትን ጆሮ ነው። እርሱማ ከቀብር በኋላ ብዙ አይቆይም። እኛ የምንነጋገርበት ከታምቡሩ ባሻገር፣ ከሦስቱ ጥቃቅን የመስሚያ አጥንቶችም ወዲያ ያለውን ነው። ከጆሮ ግንድ በስተውስጥ፣ ከአንጎል ሥር ሽብልቅ ሆኖ የገባ አንድ አጥንት አለ። ፔትረስ ይሉታል፤ በላቲን ድንጋያማ ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ነክተውት እንደነበር ያስታውቃል፤ ከሰውነታችን አጥንት ሁሉ ጥቅጥቅ ያለው እርሱ ነው። በመጋዝ ስንከፍለው ሌላው የራስ ቅል ክፍል ዱቄቱን እየበተነ ይቆረጣል፣ እዚህ ሲደርስ የመጋዙ ድምፅ ራሱ ይለወጣል። የቀረው የራስ ቅል ተሰባብሮ ጎርፍ ሲወስደው ይህ ቁራጭ እንደ ጠጠር ተርፎ የሚገኘውም በዚህ ጥንካሬው ነው።

አሁን ነቀዝ የበላውን ባቄላ ያስቡ። ነቀዙ የለም፣ ወጥቷል ወይም አቧራ ሆኗል፤ ቦርቡሮ ያለፈበት መንገድ ግን ባቄላው ውስጥ እንዳለ ነው። (ጅማ ስለሆንን ባቄላውን በቡና ፍሬ ቢለውጡት አልቃወምም።) ውስጠኛው ጆሮም እንደዚያ ነው። ፈሳሹ፣ ስስ ሽፋኑ፣ ነርቩ ሁሉ ይበሰብሳል፤ እነርሱ የተቀመጡበት ዋሻ ግን ቅርጹን ሳይለቅ ድንጋያማው አጥንት ውስጥ ይቀራል። ተመራማሪ «የውስጥ ጆሮ ቅሪተ አካል» ሲል የሚለካው ያንን ባዶ ቦታ ነው። ዋሻው በሙሉ አንድ ላይ ከአንድ ባቄላ ፍሬ ብዙ አይበልጥም። በአንድ ወገን እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠቀለለው ኮክሊያ አለ፤ በሰው ሁለት ዙር ተኩል ያህል ይጠመዘዛል፣ የመስማት ሥራ የእርሱ ነው። በሌላው ወገን ሦስት የግማሽ ክብ ቦዮች አሉ። የቤትዎን ጥግ ይመልከቱ፤ ሁለት ግድግዳና አንድ ወለል ይገናኛሉ። ሦስቱ ቦዮች እርስ በርስ የቆሙት ከሞላ ጎደል እንደዚያ ነው፦ የፊተኛውና የኋለኛው እንደ ግድግዳዎቹ ቁመው፣ የጎኑ እንደ ወለሉ ጋደም ብሎ። በሰው የሁለቱ ቋሚዎች ቅስት ራዲየስ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ የጎኑ ያንሳል።

ይህን ሁሉ አጥንቱን ሳይሰብሩ ማየት የተቻለው በሲቲ ስካን ነው፤ ሐኪም ሲያዝልን ዋጋውን እያሰብን የምንደነግጥበት ያው መሣሪያ። ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ ቅሪተ አካልም ይገባበታል፤ አሁን ደግሞ ከሆስፒታሉ እጅግ የረቀቀ ማይክሮ ሲቲ አለ።

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው ግን ሌላ ነው። ይህ ዋሻ የአዋቂ መጠኑን የሚይዘው ገና በማኅፀን፣ በእርግዝናው 6ኛ ወር አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ አያድግም፣ እንደ ሌላው አጥንት እየፈረሰም አይታደስም። የሕፃን ጭን አጥንት ሲገኝ «አድጎ ቢሆን ምን ይመስል ነበር?» ብለን መገመት አለብን። የሕፃን ውስጠኛ ጆሮ ሲገኝ ግምት የለም፤ ከአዋቂ ጋር በቀጥታ ይነጻጸራል። ይህን ነገር ይያዙልኝ፣ ሁለት ጊዜ እመለስበታለሁ።

ቦዮቹ ምን ይሠራሉ? ስልክዎን ይያዙ። ጭንቅላትዎን ሳያንቀሳቅሱ ስልኩን ቶሎ ቶሎ ግራና ቀኝ ያወዛውዙት፤ ፊደሉ ይደበላለቃል። ቀጥሎ ስልኩን አቁሙትና በዚያው ፍጥነት ጭንቅላትዎን «አይሆንም» እንደሚል ሰው ያወዛውዙ። ይነበባል! ጭንቅላት ሲዞር ቦዩ አብሮ ይዞራል፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ግን ትንሽ ወደኋላ ይቀራል፤ ያ መዘግየት ስስ ፀጉር ያላቸውን ሕዋሳት ያጎብጣል፣ መልእክቱ በ10 ሚሊሰከንድ ገደማ የዓይን ጡንቻ ዘንድ ይደርስና ዓይን ጭንቅላት በዞረበት ተቃራኒ ይዞራል። ባጃጅ ጉድጓድ ላይ እየዘለለ ከፊትዎ ያለውን ታፔላ የሚያነቡት በዚህ ነው። ቪዲዮ ቀራጭ ካሜራ ይህ ስለሌለው ነው ከባጃጅ ላይ የተቀረጸ ፊልም ዓይን የሚያደክመው። ልጆች ክብ እየዞሩ ተጫውተው ሲቆሙ የሚወድቁትም ፈሳሹ ገና መዞሩን ስላላቆመ ነው። ሮበርት ባራኒ የተባለው የቪየና ሐኪም ጆሮ ውስጥ ቀዝቃዛ ወይም ሙቅ ውሃ ሲገባ ሰው ለምን እንደሚያዞረው መርምሮ እ.ኤ.አ. የ1914ን የኖቤል ሽልማት ያገኘው ከዚሁ ቦይ ነው።

ቅስቱ ሰፋ ሲል ቦዩ ለጭንቅላት መዞር ይበልጥ ንቁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2007 ፍሬድ ስፑርና ባልደረቦቹ ከ200 በላይ የአጥቢ እንስሳት ዝርያዎችን አወዳድረው የአካል ክብደትን ከሂሳቡ ካወጡ በኋላ፣ ቀልጣፎቹ ሰፊ፣ ዘገምተኞቹ ጠባብ ቦይ እንዳላቸው አሳዩ። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚወረወረው ጊቦን ሰፊ አለው። ዓሣ ነባሪ ደግሞ አንገቱ ስለማይታጠፍ ጭንቅላቱ ብቻውን አይወዛወዝም፤ ቦዩ ለዚያ ግዙፍ አካል የማይታመን ትንሽ ነው።

እንግዲህ ወደ ሰው። ጉዳዩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1994 ስፑር ከበርናርድ ውድና ከፍራንስ ዞኔቬልድ ጋር ያወጣው ሥራ ነው። ከዝንጀሮ መሰል ዘመዶቻችን ሲነጻጸር የዛሬ ሰው ሁለቱ ቋሚ ቦዮች ሰፊ፣ የጎኑ ጠባብ ነው። በሁለት እግር ስንሄድ ጭንቅላታችን በየእርምጃው «እሺ» እንደሚል ሰው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀነቃል፤ ያንን የሚሰማው ደግሞ ቋሚው ቦይ ነው። እነርሱ ከታንዛኒያው ኦልዱቫይና ከኢንዶኔዥያዋ ጃቫ የተገኙ የሆሞ ኢሬክተስ (ከእኛ በፊት የነበረ የሰው ዝርያ) ራስ ቅሎችን ሲያዩ ቦዮቹ የእኛን መሰሉ። የደቡብ አፍሪካዎቹ የጥንት ሰው መሰሎች፣ አውስትራሎፒቴከስ (የሉሲና የሰላም ወገን) እና ፓራንትሮፐስ፣ ግን የቺምፓንዚን መሰሉ። የደረሱበት ድምዳሜ፣ ሙሉ በሙሉ በሁለት እግር የሚኖር የመጀመሪያው ፍጡር ሆሞ ኢሬክተስ ነው፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት ዛፍ ገና አልተዉም የሚል ነበር።

ሰላም የምትገባው እዚህ ነው። ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ቡድናቸው እ.ኤ.አ. በ2000 አፋር፣ ዲኪካ ላይ ያገኟት ይህች ሕፃን 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። ራስ ቅሏ ከአሸዋ ድንጋይ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ዘረሰናይ ዓመታት ፈጅተው ነው ቅንጣት በቅንጣት ያላቀቁት። እ.ኤ.አ. በ2006 ዜናው ሲታተም ስካኑ ያሳየው ቦዮቿ የአፍሪካ ዝንጀሮ መሰሎችን እንደሚመስሉ ነበር። በሞተች ጊዜ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላትም፤ ግን ያልኩትን ያስታውሱ፣ ጆሮዋ የአዋቂ ነው፣ «ሕፃን ስለሆነች ነው» የሚል ማመካኛ አይሠራም። ይሁንና ለተማሪዎ አንድ እርማት ይንገሩልኝ፦ ዛፍ መውጣቷን በዋናነት የሚናገሩት የትከሻዋ አጥንትና ጎበጥ ያሉት የጣት አጥንቶቿ ናቸው። ጆሮዋ ደጋፊ ምስክር ሆኖ ቀረበ እንጂ ክሱን ብቻውን አላቆመም።

አሁን የእኔ ጥርጣሬ። የሰላምና የሉሲ ዘመዶች በሁለት እግር መሄዳቸው አያከራክርም፤ ታንዛኒያ፣ ላኤቶሊ ላይ 3.66 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የእሳተ ገሞራ አመድ ሰው የረገጠው የሚመስል ኮቴ ይዞ ተቀምጧል። እግሩ እንዲያ እየረገጠ ጆሮው የዝንጀሮ ከሆነ፣ በሁለት እግር ለመሄድ የእኛ ዓይነት ጆሮ ግዴታ አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ «ጆሮው የዝንጀሮ ነው፣ እንግዲያው ቀጥ ብሎ አይሄድም» ማለት አይቻልም። እኔን የሚያሳምነኝ የሩጫው አስተያየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ዴኒስ ብራምብልና ዳንኤል ሊበርማን የሰው አካል ለረጅም ርቀት ሩጫ የተሠራባቸውን ምልክቶች ሲቆጥሩ የሰፉትን ቋሚ ቦዮች ጨምረው ቆጠሩ። በሩጫ ላይ ጭንቅላት ከእርምጃ ይልቅ በኃይል ይናጣል። ሯጮቻችንን በቴሌቪዥን ሲያዩ ለአንድ ደቂቃ እግራቸውን ይተዉና ጭንቅላታቸውን ይመልከቱ፤ ከአንገት በታች ሁሉም ይሠራል፣ ጭንቅላቱ ግን ውሃ የሞላ እንስራ የተሸከመ ይመስል ይንሳፈፋል። ይህም ቢሆን ግምት ነው፣ ግን ከኮቴው ጋር አይጣላም።

ሌላም ችግር አለ። ኒያንደርታሎች፣ በአውሮፓና በምዕራብ እስያ የኖሩት የጠፉ የሰው ዘመዶች፣ እንደ እኛ ቀጥ ብለው ይሄዱ ነበር፣ አንጎላቸውም ትልቅ ነበር። ሆኖም ቋሚ ቦዮቻቸው ከእኛ ያነሱ፣ የጎኑ የሰፋ ነው፤ የኋለኛው ቦይ ደግሞ ከጎኑ ቦይ አንጻር ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። በአካሄድ የማይለያዩ ሁለት ሕዝቦች በጆሮ ከተለያዩ፣ ልዩነቱን ሁሉ ለአካሄድ መስጠት አይቻልም። ተፈጥሮ ብዙ ቁጥጥር በማታደርግበት ቦታ ቅርጽ እንዲሁ ይዋዥቃል፤ ያንን ቀርፋፋ የደቡብ አሜሪካ እንስሳ፣ ስሎዝን፣ ብንመለከት የቦዮቹ ቅርጽ ከአንዱ ግለሰብ ወደ ሌላው ከሌሎች አጥቢዎች በላይ ይለያያል። ለማይጣደፍ እንስሳ ቦዩ ትንሽ ቢጣመም ማን ይጠይቀዋል።

ይህን ሐሳብ ወደ ጥቅም የቀየረው እ.ኤ.አ. በ2018 በማርሲያ ፖንሴ ደ ሊዮን የተመራው ጥናት ነው። የዛሬ ሰዎችን ውስጠኛ ጆሮ ከየአህጉሩ ሲያነጻጽሩ የቅርጹ ልዩነት ከአፍሪካ ባለው ርቀት ልክ እየሰፋ ሄደ፤ ዘረ መላችን ከአፍሪካ በራቅን ቁጥር እንደሚለያየው ማለት ነው። ሁሉም ሰው በሁለት እግር ነው የሚሄደው፣ ጆሮው ግን የአያቶቹን ጉዞ ይዞ ይኖራል። (እዚህ ላይ ጅማን ባነሳ አይፈረድብኝም፦ የግልገል ጊቤ ውሃ ኦሞ ሆኖ ወደ ቱርካና ሲወርድ ኪቢሽ አጠገብ ያልፋል፤ በዚያ የተገኘው የሆሞ ሳፒያንስ አጥንት እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው ልኬት ቢያንስ 230,000 ዓመት ሆኖታል። ጉዞው የተጀመረው ከእኛ ወንዝ ግርጌ ነው ማለቴ ግን አይደለም።)

እንግዲህ አቋሜ ይህ ነው፦ ውስጠኛ ጆሮ «እንዴት ትሄድ ነበር?» ሲሉት ያንተባትባል፣ «የማን ዘር ነህ?» ሲሉት ግን ጥርት አድርጎ ይመልሳል። ምርጡ ምሳሌ የፈረንሳዩ የአርሲ ሱር ኪዩር ዋሻ ነው። እዚያ ጌጣ ጌጥና ጥሩ የድንጋይ መሣሪያ ተገኝቶ፣ ይህን የሠራው እኛን የመሰለ ሰው ነው ወይስ ኒያንደርታል የሚል ረጅም ሙግት ነበር። ከዚያው ደለል የአንድ ዓመት ገደማ ሕፃን የጆሮ ግንድ አጥንት ወጥቶ ነበር፤ የአንድ ዓመት ልጅ አጥንት በውጭ ሲያዩት ብዙ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1996 ዣን ዣክ ዩብሊንና ባልደረቦቹ ስካን ሲያደርጉት ያ ዝቅ ያለው የኋለኛ ቦይ ተገኘ፤ ሕፃኑ ኒያንደርታል ነው። ጆሮ እድገቱን ማኅፀን ውስጥ ባይጨርስ ኖሮ ይህ ፍርድ አይሰጥም ነበር። ምሥራቁ ግን ጥንቃቄ ያስተምራል፦ ቻይና ውስጥ ከሹጂያያዎ የተገኘ የጆሮ ግንድ አጥንት እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ሲታይ ሌላው ነገሩ ኒያንደርታል ሳይሆን ውስጠኛ ጆሮው ብቻ ኒያንደርታል መስሎ ተገኝቷል። አንድ ባሕርይ ብቻውን ዘር አይቆጥርም።

ድንጋያማው አጥንት ቅርጽ ብቻ አይደለም የሚያቆየው። ከእኛ ደቡብ፣ ጋሞ ደጋ ላይ ካለው የሞጣ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ2015 ሙሉ በሙሉ ሲነበብ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ጥንታዊ ጂኖም ሆነ። የተወሰደው ከዚሁ አጥንት ነው። በሞቃት አገር ዘረ መል ቶሎ ስለሚበላሽ ከጭን አጥንት ቢፈልጉት እምብዛም አያገኙትም፤ ጥቅጥቅ ያለው አጥንት ግን ደብቆ ያቆየዋል።

ስለ መስማት ባጭሩ ልበል፣ ተማሪ መጠየቁ ስለማይቀር። እ.ኤ.አ. በ2015 ሮልፍ ኩዋምና ባልደረቦቹ የደቡብ አፍሪካ ቅሪተ አካላትን የጆሮ መጠን ይዘው ሲያሰሉ፣ ከ1 እስከ 3 ኪሎኸርዝ ባለው ድምፅ ላይ ከቺምፓንዚም ከእኛም የተሻለ ይሰሙ እንደነበር ደረሱበት፤ ገላጣ ሜዳ ላይ ቅርብ ለቅርብ ለሚጣሩ ሰዎች የሚሆን ጆሮ ነው። ኒያንደርታልም የመስሚያ ስፋቱ እንደ እኛ ሰፊ ነበር ተብሏል። ከዚህ ተነስቶ «ይናገሩ ነበር» የሚል አርእስት ሲያዩ ግን በርጋታ ያንብቡት። ውሻዬም ስሙን ይሰማል።

ለክፍልዎ የምመክረው የስልኩን ሙከራና ነቀዝ የበላውን ባቄላ ነው፤ ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። ባቄላውን በምላጭ ለሁለት ይክፈሉት፣ ዋሻውን ያሳዩአቸው፣ ነቀዙ ምን ያህል ወፍራም እንደነበረና ወዴት እንደዞረ ይጠይቋቸው። ነቀዙን ሳያዩ ይነግሩዎታል። «በምን እግር ይሄድ ነበር?» ብለው ቢጨምሩ ደግሞ ዝም ይላሉ፤ የእኔም ክርክር ያው ነው።

«የሉሲስ ጆሮ?» የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ስትገኝ ከራስ ቅሏ የተረፈው ጥቂት ስብርባሪ ብቻ እንደነበረ ይንገሩት፤ ስለ ጆሮ ሲነሳ ሰላምን ደጋግመን የምንጠራው ለዚህ ነው። ተማሪውን ራሱን ይዘውት ቢመጡ ደግሞ በመጋዝ የተከፈለ አንድ የጆሮ ግንድ አጥንት ጠረጴዛዬ ላይ አለ። የጎኑ ቦይ አፉ ይታያል፣ የፈረስ ጭራ አንድ ፀጉር በአንዱ በኩል ካስገቡት በሌላው ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ይምጡ፣ ብርሃኑ ያኔ ነው በመስኮቱ የሚገባው።